ሲንቄዋን አስመልሼ የሰጠኋት ልብ ወለድ

አፍንጫዬን የሰበረው መጽሐፍ ነው። ያውም መንፈሳዊ ልብ ወለድ፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ አራት መቶ ምናምን ገጽ፣ ጀርባው ላይ «ልብዎን ይነካል» ተብሎ የተጻፈበት። ልቤን ሳይነካ አፍንጫዬን ነካው። ሰው ሲጠይቀኝ «መጽሐፍ አንብቤ ነው» እላለሁ፤ ያከመኝ ሐኪም እንኳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ነበር። ታዲያ ያንን መጽሐፍ «አንብቡት፣ አንብቡት» እያልኩ ለሰፈሩ ሁሉ ስሰጥ የኖርኩት እኔው ነኝ። ከአፍንጫዬ በፊት ደግሞ የሌላ ሰው አጥንት ተሰብሯል። ነገሩን ከዚያ ልጀምር።

አሰላ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ጋሪና ባጃጅ በሚጋፉበት መንገድ ዳር ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለኝ። ሠላሳ ዓመት ኮምባይነር ነድቻለሁ። ከበቆጂ ደጋ ጀምሮ እስከ ቆላው ጫፍ ያላጨድኩት የስንዴ ማሳ ጥቂት ነው። ጡረታ ስወጣ ጀርባዬም አብሮኝ ጡረታ ወጣ። ወደ ንባብ ያስገባችኝ ሟች ባለቤቴ ናት። እሷ ጌታን ተቀበለች፤ እኔ ደግሞ ልብ ወለዶቿን ተቀበልኩ። ስትሞት ሁለት መቶ የሚሆኑ መጻሕፍት ትታልኝ ሄደች፤ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል መደርደሪያ አሠርቼ በሩን ከፈትኩት። የፈለገ ይወስዳል፣ የጨረሰ ይመልሳል።

እኔ ግን ዝም ብዬ አልሰጥም። አዛለሁ። «ምን ያመሻል?» እላለሁ እንደ ሐኪም። እጮኛዋ ጥሏት ለሄደች ልጅ፣ እጮኛው ከስሮ በሕመም አልጋ ላይ ይቅርታ የሚለምንበትን። ልጁ ለባለገበት አባት፣ ልጁ በአይሱዙ ተገጭቶ ንስሐ የሚገባበትን። መንፈሳዊ ልብ ወለድ አንብቦ የማያውቅ ሰው ነገሩ ሁሉ እርግብና ዜማ ይመስለዋል። ውሸት ነው። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ የሚፈሰውን ደም ያህል የከብት ማረጃ ቤት አያፈስም። ሀብታሙ ይቃጠላል፣ ዘፋኟ ትታወራለች፣ እንጀራ እናቲቱ አንጀቷ ይበሰብሳል፤ የጸለየ ብቻ ቆሞ ይቀራል። እኔም ሻዬን እየጠጣሁ «ይበለው!» እያልኩ አነባለሁ። ሽማግሌ ሆኜ የሰው አይሱዙ ሥር መግባት እንዲህ ያስደስተኛል ብሎ ማን ያምናል?

ከደንበኞቼ ሁሉ የምትበልጥብኝ ከሦስት ቤት ማዶ የምትኖረው ወጣት ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ቢሆን ነው። ከአርቦዬ ወዲያ ካለ ገጠር ተድራ የመጣች፣ በኦሮምኛ ያደገች፣ አማርኛን አሰላ ገብታ ያደላደለች ልጅ ናት። ስታነብ ግን እንደ ራበው ሰው ነው። ሐሙስ የወሰደችውን ቅዳሜ ትመልሳለች፤ ስትመልስም ዝም ብላ አትመልስም።

«ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ለምንድነው ሁልጊዜ መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ የምታለቅሰው?»

«ባሏ እንዳያያት ነዋ።»

«እኛ ግቢ ሽንት ቤቱ የአምስት ቤት ነው። ገብቼ ላልቅስ ብል ውጭ ሰልፍ ይሠራል። ‹ኧረ ጨርሺ!› እያሉ በሩን ይነርቱብኛል።»

አንዳንድ ቀን ጉንጯ አብጦ፣ ወይም ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ትመጣ ነበር። «በር መታኝ» ትለኛለች። ባሏ በያጅ ነው፤ የብረት በር ይሠራል። «ባልሽ የሠራው በር ነው?» አልኳት አንድ ቀን፣ ቀልዴ አምሮልኝ። ሳቀች። «እሱ የሠራው ነው ጋሼ» አለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። እንዲህ ነው እንግዲህ አዋቂነቴ፤ ነግራኝ ሳቅሁ።

ባልየው ሰካራም አይደለም። ጫት አይቅምም። በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙ ድምፅ የሱ ነው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ነው የሚጨብጠኝ። እጁ ሻካራ ነው፤ የብየዳ ፍንጣሪ የበላው። ያ እጅ ቤት ሲገባ ምን እንደሚሠራ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖር ሁሉ ይሰማ ነበር። ሰምቶም የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ ያደርግ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። በጭቃው ውስጥ ባዶ እግሯን እየሮጠች ትመጣለች። ከግንባሯ የሚወርደው ደም አንድ ዓይኗን ደፍኖታል፤ የላይ ከንፈሯ ለሁለት ተሰንጥቋል። በቀኝ እጇ ሲንቄዋን ይዛለች።

ሲንቄ ለማያውቅ ሰው ቀጭን በትር ናት። የአርሲ ልጅ ስትዳር እናቷ በእጇ ታስይዛታለች። ሰው አይመቱባትም። ባል ከልክ ሲያልፍ ግን ሴቲቱ ሲንቄዋን ይዛ ደጅ ትወጣና ትጮኻለች፤ ያንን ጩኸት የሰማች ያገባች ሴት ሁሉ፣ ሙስሊም ትሁን ክርስቲያን፣ ድስቷን ከእሳት አውርዳ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የሴቶቹ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ባልየው ጥፋቱን አምኖ፣ ከብት እስኪያርድ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሲንቄ ይዛ የወጣችን ሴት መንገዷን የሚዘጋ ወንድ የለም። በፈረስ የሚሄድ እንኳ ይወርዳል።

እኔ ዘጋሁባት።

አያቶቼ ከሸዋ መጥተው እዚህ አገር የሰፈሩ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ ሸብቻለሁ። ደንቡን አላውቅም ማለት አልችልም። ግን ያን ሰዓት የታየኝ ሌላ ነው። ዘማሪ ሰው፣ ነገ ወሬ ሆኖ፣ «የአማኝ ሚስት በትር ይዛ በጎዳና ጮኸች» ተብሎ። ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ለዚህች ቀን የሚሆን መድኃኒት መደርደሪያዬ ላይ ነበረኝ። እጄን አሳክኮኝ ነበር ማለት ይቻላል። የሲንቄዋን ጫፍ ያዝኩት።

«ልጄ፣ ወዴት ነው?»

«ይልቀቁኝ ጋሼ። ልጩህ።»

«ከጮኽሽ በኋላ ቤትሽ ቤት አይሆንም። ነይ፣ ግቢና ፊትሽን ታጠቢ።»

«አንድ ቀን ይገድለኛል።»

«አይገድልሽም። የሚጸልይ ሰው እኮ ነው።»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። በዚች ጥርስ በሌላት አፌ።

ሳፋ ላይ ፊቷን ታጠበች፤ ውኃው ቀላ። መጽሐፉን አውጥቼ በፎጣ ጠቅልዬ ሰጠኋት። ታሪኩን በአጭሩ ነገርኳት፦ አንድ ሰካራም ሚስቱን ሰባት ዓመት ይደበድባል፤ እሷ አንድ ቃል አትመልስም፤ በመታት ቁጥር አልጋው ሥር ተንበርክካ ትጸልያለች። በመጨረሻው ምዕራፍ እጁን አንስቶ ሲገባ ተንበርክካ ያገኛታል። እጁ አየር ላይ ይቀራል። እግሯ ሥር ወድቆ ያለቅሳል። ያንን ምዕራፍ አራት ጊዜ አንብቤ አራት ጊዜ አልቅሻለሁ።

«ሲንቄሽን ከበሩ ኋላ አስቀምጪና ይህን አንብቢ» አልኳት። «ከዚያ እንነጋገራለን።»

ፎጣውን በብብቷ ያዘች። በጭቃው ተመልሳ ሄደች። እኔም ገብቼ የቀዘቀዘ ምሳዬን አሞቅሁና ጥርግ አድርጌ በላሁ። ሰው ያዳነ ሰው እንዴት ይርበዋል መሰላችሁ!

ሳምንት አልፎ በመጣው እሁድ ጠዋት ሰፈሩ መብራት አልነበረውም። ባልየው ለመዝሙር የሚለብሰው ነጭ ሸሚዝ ሳይተኮስ ቀረ። ጠቡ ይኼው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። ከጓሮ የቱቦላሬ ብረት ቁራጭ ይዞ ገባ። እሷም እንደ መጽሐፉ ተንበረከከች።

የተንበረከከ ሰው ፊት ከቆመ ሰው ጉልበት ጋር እኩል ነው። ደራሲው ይህን አልለካም፤ እኔም አልለካሁም። በጫማው መንጋጋዋን ሲላት ሁለት ጥርሶቿ ወለሉ ላይ ወደቁ። ራሷን ለመከለል ግራ እጇን ስታነሳ ብረቱ ክንዷን ከክርኑ በታች ሰበረው። ስትወድቅ ጎኗን ረገጠው። ከዚያ ያልተተኮሰውን ሸሚዝ ለበሰ፣ የቤቱን በር ከውጭ ቆለፈና ሄዶ ዘመረ። የሰሙት እንደሚሉት የዚያን ቀን ድምፁ አምሮ ነበር።

ማቃሰቷ በግድግዳው ሲሰማ በሩን የሰበርነው በአጠና ነው፤ እኔና ሁለት ጎረቤቶች። ጠንካራ በር ነው፤ አበያየዱን ሳላደንቅ አልቀረሁም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና። አልጋው ሥር በጎኗ ተኝታ አገኘናት። ስትተነፍስ ከአፏ የደም አረፋ ይወጣ ነበር። መጽሐፉ አልጋው ላይ፣ በመጨረሻው ምዕራፍ በኩል ተገልጦ በፊቱ ተደፍቷል። እግሯን ይዤ ወደ ባጃጅ አወጣናት። ጭንቅላቷ የኔ ካፖርት ላይ አርፎ ሆስፒታል እስክንደርስ የደሟ ሙቀት ወደ ሆዴ ዘለቀ። መንጋጋዋን በሽቦ አሰሩት፣ ክንዷን በጀሶ። የተሰበሩት ሁለት የጎን አጥንቶቿ በራሳቸው ይጋጠሙ ተብለው ተተዉ።

በዚያው ቀን ሴቶቹ ወጡ። እሷ መጮኽ ስላልቻለች ጎረቤቴ የሆኑት አሮጊት ጮኹላት። እሳቸው በአምስት ዓመት ይበልጡኛል፤ ሙስሊም ናቸው፤ ለስምንት ልጅና ለሁለት ወፍጮ እናት የሆኑ ሴት። ሠላሳ ያህል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው የበያጁ ግቢ ፊት ተቀመጡ። ሰፈሩ ውስጥ ጭስ ጠፋ። ወንዶቹ ከዳቦ ቤት ዳቦ እየገዛን በውኃ እያወራረድን አራት ቀን ከረምን። ባልየው ጠፍቶ ብየዳ ቤቱ ተደብቋል ተባለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ተነስተው ወደኔ መጡ። ያን ቀን ሲንቄዋን ይዤ ሳስመልሳት በመስኮት ያየ ሰው ነግሯቸዋል። አሮጊቷ መደርደሪያዬ ፊት ቆሙ።

«ያ ጃርሳ!» አሉኝ፤ አንተ ሽማግሌ ማለታቸው ነው። «የልጅቷን ሲንቄ ያስመለስክ አንተ ነህ?»

«እትዬ፣ እኔ መጽሐፍ ነው የሰጠኋት።»

«በትሩን ጠየቅሁህ እንጂ መጽሐፉን መቼ ጠየቅሁህ?»

«… እኔ ነኝ።»

«እናትህ በሕይወት ብትኖር ይህን ስትሰማ ጡቷን ትቆርጠው ነበር።»

ከኋላ አንዲት ሰፋ ያለች ሴት፣ ሊስትሮዎቹ ጋ ድንች የምትሸጥ፣ ድምፅዋን አነሳች። «ጋሼ፣ ያንን መጽሐፍ ለኔም ሰጥተውኝ ነበር እኮ። ገና ሃያ ገጽ ሳልደርስ ባሌ እጁን ሲያነሳ በሱው አናቱን አልኩት። ጥሩ መጽሐፍ ነው፣ ከባድ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት ባልየው ሴቶቹን ገፍቶ ገባ። በእጁ መጽሐፉን ይዟል። ለካ በጓሮ አጥር ዘሎ ልብሱን ሊወስድ ሲገባ አልጋው ላይ አግኝቶታል፤ ሰኞን ሙሉ ብየዳ ቤቱ ተደብቆ ሲያነበው ውሏል። በአንድ ቀን ጨረሰው። በዚህ ከሚስቱ ይበልጣል።

«ይህን የሰጧት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«እዚህ ውስጥ ያለው ባል ሰካራም ነው! እኔ አረቄ ከንፈሬ ነክቶ አያውቅም! እርስዎ ስለኔ ለሚስቴ …»

«መጠጡስ ልክ ነህ» አልኩት፤ ይህቺ አፌ መቼም አታርፍ። «ዱላው ግን ይመሳሰላል።»

«እርስዎ» ማለቱን የተወው እዚያ ላይ ነው። «አንተ ሽማግሌ!» ሲልና የመጽሐፉ ጠርዝ አፍንጫዬ ላይ ሲያርፍ አንድ ሆነ። ደረቅ የስንዴ አገዳ ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ከውስጤ ሰማሁ። ወደ ኋላ ስወድቅ መደርደሪያው ተከትሎኝ መጣ። ሁለት መቶ መጽሐፍ ሆዴ ላይ ዘነበ። በደሙ መሐል ዓይኔን ስገልጥ በርጩማዬን አንስቶ፣ በሁለት እጁ ከራሱ በላይ ይዞ፣ ጭንቅላቴን እየለካ ነበር። እንደሚገድለኝ አውቄአለሁ። ፊቱ ላይ ምንም ቁጣ አልነበረም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነው።

አሮጊቷ ሲንቄያቸውን በሁለታችን መሐል ዘረጓት። ቀጭኗ በትር ደረቱን እንኳ አልነካችውም።

ቆመ። እጁ አየር ላይ ቀረ። ልክ እንደዚያ መጨረሻ ምዕራፍ። ብቻ እዚህ ማንም አልተንበረከከም፤ ሠላሳ ሴቶች ቆመው ነው የሚያዩት። የሲንቄን እርግማን እየፈራ ያደገ የአርሲ ልጅ ነው፤ ዘማሪም ቢሆን። በርጩማውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አላለቀሰም። መጽሐፉ ላይ እንትፍ ብሎ ወጣ።

ሐሙስ ዕለት ሽማግሌዎች ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጡ። ከቤተ ክርስቲያኑም አንድ ሽማግሌ ተጨምረዋል። ልጅቷን ከሆስፒታል አምጥተው ከሴቶቹ መሐል አስቀመጧት፤ ክንዷ በጀሶ፣ መንጋጋዋ በሽቦ፣ ፊቷ ግማሹ ሐምራዊ። አዳማ የምትኖረው ሴት ልጄም አፍንጫዬን ልታይ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ባልየው ጥፋቱን አመነ። ወይፈን ሊያርድ፣ ሊያለብሳት፣ የሴቶቹን ምርቃት ሊቀበል ተወሰነ፤ ከዚያ እሷ በዚያው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቷ ትገባለች። እኔ ላይ ደግሞ፣ ሲንቄ ስላስመለስኩ፣ አንድ ሙክት ተፈረደ። ሙክቱ ሲሰማ ከኔ በላይ እንደሚያዝን ተናገርኩ። ጥቂት ሳቁ።

ወይፈኑ ከዛፉ ታስሮ ነበር። ቢላዋው እየተሳለ ነው። ሁሉም ነገር እንደ ደንቡ ሄዷል፤ እሷ ብቻ ናት እሺ ያላለችው። መሬት መሬት ታያለች።

«አንተ መጽሐፍ የምታነብ ሰው» አሉኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ። «የምትሰማህም አንተን ነው። አንድ ቃል ተናገርና ትግባ።»

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለ ጊዜ እወዳለሁ፤ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። መናገር ሳልጀምር ልጅቷ ቀደመችኝ። ጥርሶቿ ስለታሰሩ ቃሉ በከንፈሯ መሐል እየሾለከ ነው የሚወጣው።

«ጋሼ። መጨረሻው እውነት ነው?»

«የቱ ልጄ?»

«የመጽሐፉ። ሰውየው … እውነት ይለወጣል?»

እሷ የምትጠይቀው ወደዚያ ቤት ትግባ አትግባ ነበር። እኔ የማውቀው ባል ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

ያንን መጽሐፍ ለምን እንደምወደው ለራሴ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። በአጨዳ ወራት ወር ሙሉ ማሳ ላይ ከርሜ፣ አቧራ ጠግቤ፣ ስመለስ ሚስቴን እመታት ነበር። ወጡ ቀዝቅዞ፣ ልጅ አልቅሶ፣ ወይም ምንም ሳይሆን። በቀበቶ፣ በጥፊ። አንድ ቀን በጥፊ ግራ ጆሮዋን ስላት ደም ወጣው፤ ከዚያ ወዲያ በዚያ ጆሮ አትሰማም። ሰው «በዕድሜ ነው» ይላል፣ እሷም «በዕድሜ ነው» ትላለች። አልጋው ሥር ተንበርክካ ስትጸልይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ቀን ተውኩ። ቤተ ክርስቲያኗ ፊት ቆማ «እግዚአብሔር ባሌን ለወጠልኝ» ብላ መሰከረች። እኔ አጠገቧ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጫለሁ። ጉባኤው በእልልታ ተናጋ። እኔም እልልታውን ተቀበልኩ።

እናም ለልጅቷ ይህንኑ ነገርኳት፣ ሁሉም እየሰማ። ቀልድ ልጨምርበት ፈልጌ ነበር፤ አልመጣልኝም።

«አልተለወጥኩም ልጄ» አልኳት። «ጀርባዬ ነው የተበላሸው። እጄን ከትከሻዬ በላይ ማንሳት አቃተኝ። ጀርባዬ ደህና ቢሆን እስክትሞት እመታት ነበር። መጨረሻው ውሸት ነው።»

ቢላዋ የሚስለው ሰው መሳሉን አቆመ።

«ይህ ሰው ምን ይላል?» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ። «ዕርቅ ላይ እኮ ነን! የሞተች ነፍስ ምስክርነት ሊያፈርስ ነው እንዴ!»

«አፍንጫው ሲመታ አእምሮውም ተነክቷል» አለ ባልየው።

ያኔ የአዳማዋ ልጄ ከሴቶቹ መሐል ተነሳች። እኔን አላየችኝም። «እናቴ በግራ ጆሮዋ አትሰማም ነበር» አለች። «እኛ ልጆቿ በቀኝ በኩል ነበር የምንቀመጠው። ሁላችንም እናውቃለን።» ተመልሳ ተቀመጠች። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጆቼ ተኝተው ነበር ብዬ አምን ነበር። በአንዲት ክፍል ቤት ውስጥ፣ በቀበቶ ድምፅ ሥር፣ የሚተኛ ልጅ አለ ብዬ።

ልጅቷ በደህናው እጇ ከአሮጊቷ ላይ ሲንቄያቸውን ለመነች፤ ሰጧት። መሬቱን ተደግፋ ተነሳች። ወደ ባሏ አልሄደችም። ሄዳ የወይፈኑን ገመድ ከዛፉ ፈታች፤ በአንድ እጅ ስለሆነ ጊዜ ፈጀባት፣ ማንም አልረዳትም፣ ማንም አልከለከላትም። ባልየው ሊነሳ ሲል ሠላሳው በትር አብሮት ተነሳ። ተቀመጠ።

ወይፈኑ ሳይታረድ ዋለ። በማግስቱ ወንድሟ ከአርቦዬ መጥቶ በጋሪ ወደ መናኸሪያ ወሰዳት። ከመሄዷ በፊት በሽቦ በታሰረው አፏ ፖሊስ ጣቢያ ቃሏን ሰጠች፤ ጸሐፊው አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ ነው የጠየቃት ይባላል፣ ሦስቴም ደገመችለት። ባልየው አሁን ጉዳዩ በፍርድ ቤት ነው።

የሰፈሩ ወንዶች ተቀይመውኛል። ምስክርነት ያፈረስኩባቸው አሉ፤ የሚበዙት ግን ሥጋው ነው የቆጫቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ መጽሐፍ የሚወስድ ቀረ። ልጄ በወር አንድ ጊዜ ትደውላለች፤ ስለ ደም ግፊቴ ትጠይቅና ትዘጋለች። እኔም ከዚያ በላይ አልጠይቃትም። ሙክቴን ግን ሴቶቹ አልማሩኝም፤ በልተውታል። ድንች ሻጯ ጎድን ላከችልኝ፣ «ጥርስ ካለዎት» ብላ።

ከሦስት ወር በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ የበያጁ ሚስት ናት። ሽቦው ወጥቶላታል፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው።

«ጋሼ፣ መጽሐፍ ይላኩልኝ። እዚህ የሚነበብ የለም።»

«ምን ዓይነት?»

አሰበች። «ሄዳ የማትመለስ ሴት ያለችበት። ሄዳም የማትሞት።»

ሁለት ሳምንት ፈለግሁ። መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች፣ መነጽሬ እስኪደክም። አንዷ ትሄዳለች፤ አይሱዙ። አንዷ ትሄዳለች፤ ካንሰር። አንዷ ሄዳ ስታብድ አገኘኋት። ለስንት ሴት ስንቱን እንደ ሰጠሁ እያሰብኩ ገለጥኩ። በመጨረሻ አንድ አገኘሁ፤ ሴትዮዋ በመሐሉ ትሄዳለች፣ ከተማ ውስጥ ክፍል ትከራያለች፣ የስፌት መኪና ታገኛለች፣ አንድ ቦታ ላይም ትስቃለች። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ግን ተመልሳ ደጃፉ ላይ ትንበረከካለች። የጢም ምላጬን አምጥቼ ያንን ምዕራፍ ከሥሩ ቆረጥኩት። ቀሪውን በአርቦዬ ሚኒባስ ላክሁላት።

በአራተኛው ቀን ደወለች።

«ጋሼ፣ መጨረሻው የለም።»

«አይጥ በልቶት ይሆናል። ቤቴ አይጥ አለ።»

«አይጥ በምላጭ ነው እንዴ የሚበላው? ቀጥ ብሎ ነው የተቆረጠው።»

«የአሰላ አይጥ የተማረ ነው።»

«ኧረ አያስቁኝ፣ መንጋጋዬን ያመኛል።» ከኋላዋ ዶሮ ሲጮኽ ይሰማኛል። «ተመልሳ ነበር፣ አይደል?»

መዋሸት እችል ነበር። «ተመልሳ ነበር» አልኳት።

«ገብቶኛል» አለች። «ሌላም ካለ ቆርጠው ይላኩልኝ።»